አሥራ አንዱ ድንጋይና የፈረንጁ ካውንቲ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቢቸና አንዲት ልጅ የተጠቀለለ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋ ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ የቆየ ወረቀት፣ የቀለም፣ በላዩ ላይ ደግሞ ትንሽ የላምባ ነገር። ስድሳ ዓመት ተጉዞ የመጣ ሽታ ነው። አፍንጫዬ ላይ ቢቀር ደግ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ምላሴ ወረደና አዋረደኝ።

ልጅቱ ትዕግስት ትባላለች፤ ከወለጋ በኩል ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ስለ አካባቢያችን አቀማመጥና አመሠራረት ለኢንተርኔት የሚሆን አጭር ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ታዝዛ፣ አገር የሚያውቅ ሽማግሌ ስትፈልግ እኔን አስጠራችኝ። እኔም በማለዳ ተነሥቼ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሼ፣ ጥሪው ለእኔ ብቻ መድረሱን የማያውቅ እንዳይኖር ሦስት ጎረቤት ዘንድ ጎራ እያልኩ፣ ከዘራዬን እያወዛወዝኩ ሄድኩ። ካርታውን ዘረጋች፣ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ከድንበሩ እንድጀምርላት ጠየቀችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጀመርኩ። በሰሜን ቀጥ ያለ መስመር ያዋስነናል አልኩ። በደቡብም ቀጥ ያለ መስመር። በምዕራብም እንዲሁ። በምሥራቅ ግን ታላቅ ወንዝ አለ። ዓባይ በምሥራቃችን ስላለ ምንም ሳትጠራጠር ጻፈች። መሬታችን እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው አልኩ፤ ቅር ያላት ቢመስልም ሽማግሌ አክብራ ጻፈች። በዚህ ጊዜ ልቤ ሞቀና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በብርድ ወራት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ስለሚሆን ሰው ከነፈረሱ በላዩ ይሻገረዋል አልኳት። ጣቷ ቆመ።

«አባባ፣ ዓባይን ነው የሚሉኝ?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ስናገር የቆየሁት ስለ ቢቸና አልነበረም፤ ስለ ማርደን ካውንቲ ነበር። ማርደን ካውንቲ ያለው አሜሪካ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የዓባይን ድልድይ የተሻገርኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም ጥርሴን ለማስነቀል ነበር።

አንድ የቢቸና ሰው የገዛ አገሩን ረስቶ የሰው አገር በቃሉ ይዞ እንዴት ያረጃል ብትሉኝ፣ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ቅናት።

አባቴ የርስት ነገር በተነሣ ቁጥር የሚጠራ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን መሬት የሚወረሰው በአባትም በእናትም በኩል ነውና፣ ጫካውን መጀመሪያ ከመነጠረው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ የሚደርስ ሁሉ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ማሳው የሚኖረው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ የሚያስታውስ ያርሳል፣ የረሳ ደግሞ በማኅበር ላይ ያማርራል። አባቴ አይጽፍም ነበር፤ መሬቱን በእግሩ ነበር የሚያውቀው። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የቤተሰቡን ርስት ዙሪያውን ይዞር ነበር። አሥራ አንድ የድንበር ድንጋይ ነበሩ። ሲዞር አንድ ልጅ ይከተለዋል፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ልጁን አስቀምጦ፣ በቀኝ ያለው የማን እንደሆነ፣ በግራ ያለው የማን እንደሆነ፣ ድንጋዩን ያቆመው የትኛው አያት እንደሆነ ይነግረውና ያስደግመዋል፤ ልጁ በትክክል ከደገመ ከኪሱ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ያወጣለታል። ከአባቴ በኋላ ለመሬቱ የሚመሰክረው ያ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲከተለው ኖሮ ወታደር ሆኖ ሄደ። ቀጣዩ ወንድ ልጅ እኔ፣ አለኸኝ፣ ነበርኩ። ያ ድንጋይ ላይ የመቀመጥ ነገር እንደ አፍንጫዬ የራሴ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማስበው።

በመስከረም ግን ቢያድጌ ከሞጣ መጣ።

ቢያድጌ የአክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልጅ ነው። አባቱ በዚያ ክረምት ሞተና እናቱ ወንድሟ እንዲያሳድግላት ከነጋዴዎች ጋር አድርጋ ላከችው። እኩያዬ ነው፤ በሁለት ወር እበልጠዋለሁ፤ ይህችን ሁለት ወር እስከ ዛሬ አጥብቄ ይዣታለሁ። አንድ ገንቦ ማርና አንድ ቅያሪ ልብስ ይዞ ገባ፤ ማሩ ሳያልቅ ቤቱን ወረሰው። እናቴ አባት የሞተበት ነው ብላ ወጥ ስታወጣ ከእሱ ትጀምር ነበር፤ የምተኛበትን ለስላሳ አጎዛ አንሥታ ለእሱ አነጠፈችለት፤ እኔ ቁርበት ላይ ወረድኩ። ማታ ማታ የአባቴን እግር የማጠብ ሥራ የኔ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አጥቤው አላውቅም፤ እናቴ ሦስቴ ሳትጠራኝ ከመቀመጫዬ አልነሣም ነበር። ቢያድጌ ግን ሳይጠራ ተነሥቶ ውሃውን አሙቆ ቁጭ አለ፤ አባቴም ዓይኑን ጨፍኖ «ተባረክ» አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእግር ማጠቢያዋ ገበቴ ከወርቅ የተሠራች መሰለችኝ።

ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሞጣ ነበር። ገበያ ስንወርድ የሞጣ ገበያ ከዚህ ይሰፋል ይላል። ቅዝቃዜው ሲመጣ የሞጣ ብርድ ከዚህ ይብሳል ይላል። እኔም በብርድ እንኳ መበለጥ ስለማልወድ እንቅጥቅጥ እያልኩ የቢቸና ብርድ ይበልጣል ብዬ እሟገት ነበር። ሁለቱም የአውራጃ ከተሞች ነበሩና ጠቡ የሁለት ልጆች ሳይሆን የሁለት መንግሥታት ይመስለን ነበር።

በዚያው ወር ሚስተር ሮይ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ አስተማሪ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የጓሮ ክፍል ተከራየ። በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሣ እግሩ ከአልጋው ስለሚያልፍ አባቴ ግርጌው ላይ አግዳሚ ወንበር ጨመረለት። ከሻንጣው ካወጣው ነገር ሁሉ ዓይናችንን የሳበው አንድ ትልቅ ካርታ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቅሎ፣ ምስጥ እንዳይበላው ዙሪያውን ያለውን ግድግዳ ላምባ ይቀባው ነበር። የተወለደበት አገር ነው፤ ማርደን ካውንቲ። ካውንቲ ማለት እንደኛ አውራጃ ያለ ነገር መሆኑን ነገረን። እንግሊዝኛ የሚያስተምረንም በዚያው ነበር፤ ሰሜኑን፣ ደቡቡን፣ ምሥራቁን፣ ምዕራቡን የተማርነው በማርደን ነው። የበቆሎ አገር ነው፣ ኮረብታ የለውም፣ ዛፍ ያለው ወንዝ ዳር ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ውሻ ሲጮህ አይሰማም። ቢያድጌ አንዴ የሰማውን አይጥልም ነበርና በጥቅምት ማርደንን ልክ እንደ አባታችን ሆይ ያወርደው ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ቢያድጌን ጠርቶ ፈረንጅ አገር ያስወራው ነበር፤ እኔ ደግሞ የእንግዶቹን በቅሎ ውሃ አጠጣ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ጋብ ያለ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ራሱ የሚስተር ሮይን ክፍል ሊያይ ገባ። ካርታው ፊት ቆመ። ሦስቱን ቀጥ ያሉ መስመሮች በጣቱ ተከተለና ጅረት ነው ወይስ ሸንተረር ብሎ ጠየቀ። ቢያድጌ እያስተረጎመ፣ ሚስተር ሮይ ምንም የለም፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው አለ። አባቴ ደነገጠ። ዛፍ ሳይኖር፣ ድንጋይ ሳይኖር፣ ለዚህ ድንበር ማን ይመሰክራል አለ። ወረቀቱ ይመሰክራል አለ ሚስተር ሮይ። ወረቀት አይጥ ይበላዋል አለ አባቴ፤ ላምባው የተቀባበት ምክንያት ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ።

ከዚያ አመሠራረቱን ጠየቀ። ማርደን መጀመሪያ የአንድ ሌላ ሰፊ ካውንቲ ክፍል ነበር፤ ሰው ለአቤቱታ ሁለት ቀን በፈረስ መጓዝ ሲሰለቸው ቆርጡልን ብሎ አመለከተና ተቆረጠለት። ከዚያ ዋናው ከተማ እኔ ልሁን እኔ ልሁን ብለው ሁለት ከተሞች ተጣሉ፤ ሲካሰሱ ከርመው በመጨረሻ የአንደኛው ከተማ ሰዎች የመሬት መዝገቡን በሙሉ ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ከተማቸው ወሰዱት፤ መዝገቡ ያደረበት ዋና ከተማ ሆነ። አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ እነዚህስ ዘመዶቻችን ናቸው አለ። እኔና ቢያድጌ ተያየን። መዝገብ የወሰደችው ቢቸና እንደሆነች እኔ በልቤ ወሰንኩ፤ እሱም ሞጣ እንደሆነች በልቡ ወስኗል።

«መምህር፣ መጀመሪያ ያቀናው ማነው?» አለ አባቴ።

ሚስተር ሮይ የአባቱ አያት በበሬ በሚጎተት ጋሪ እንደመጣ፣ መንግሥት መሬቱን በሰንሰለት ለክቶ ለሰፋሪ እንደሰጠ ተናገረ።

«ከእሳቸው በፊትስ?»

ሚስተር ሮይ ጣቱን ከካርታው ላይ አነሣ። ሰዎች ነበሩ አለ፤ ወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር፤ ወታደር መጥቶ ወደ ወንዙ ማዶ አሻገራቸው።

«ልጆች ነበሯቸው?»

«አዎ፣ ነበሯቸው።»

«እንግዲያማ ይመለሳሉ» አለ አባቴ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። «የልጅ ልጃቸው ትውልዱን ቆጥሮ ይመጣል። ያን ቀን ምን ትሉታላችሁ?»

የሚስተር ሮይ ጆሮ ቀላ። ዛሬ ሳስበው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ነገር ተነግሮ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢያድጌ ሁሉንም አንዴ እንኳ ሳይደናቀፍ ማስተርጎሙን፣ ሲወጡም የአባቴ እጅ የእሱ ራስ ላይ ማረፉን።

በዚያው ሳምንት አባቴ ለእናቴ ሲነግራት በመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማሁ። ይህ ልጅ ያላየውን አገር እንዲህ ከያዘ የኛን ድንጋዮች አይረሳም፣ በጥር እሱን ብወስደው ምን ይመስልሻል አላት። እናቴ እኔን ስትመግብ ባታስቀድመኝም በዚህ ግን ቆመችልኝ፤ የገዛ ልጅህ ቁጭ ብሎ አለችው። የእህቴ ልጅስ የማን ነው፣ መሬቱ በእናቱ በኩል የእሱም አይደለም ወይ አለ። እውነቱን ነበር። እኔን ያንገበገበኝም እውነት መሆኑ ነው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ጥምቀት እንዳለፈ ሁለታችንም ማርደንን በቃላችን እንድንናገር፣ ዳኛው ሚስተር ሮይ እንዲሆን፣ ያሸነፈው ድንጋዮቹን እንዲዞር። ፈረንጁ እዚህ ዘመድ የለውም፣ ለማንም አያዳላም አለ አባቴ። ሚስተር ሮይ ግን ፍርዱ መሬት ላይ መሆኑን የነገረው አልነበረም፤ የልጆች ጨዋታ መስሎት በደስታ እሺ አለ።

ታኅሣሥን ሙሉ ማርደንን አጠናሁ። አውድማ ስጠብቅ፣ እንጨት ስለቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሰግድ ሁሉ የበቆሎ አገር በአፌ ነበር። ይህ በእውነት የሚያስቀና ትጋት ነው፤ ግን ለአባቴ ድንጋይ ብዬ የፈረንጅ አገር ስሸመድድ የአባቴን ድንጋይ አንዱን እንኳ ሄጄ ለማየት አላሰብኩም። ያም ሆኖ ቢያድጌ ይበልጠኝ ነበር። እኔ ስናገር እንደ ተጫነ አህያ ነኝ፤ እሱ ሲናገር ግን ወንዙ ራሱ ይፈሳል።

ወንዝ! እንግዲህ ክፉው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ሚስተር ሮይ በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ የሆነ እርሳስ ነበረው፤ ክፍሉን ደግሞ አይቆልፍም። የጥምቀት ሳምንት ሲጀምር፣ እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ገብቼ፣ ከማርደን ምዕራባዊ መስመር ጀምሬ በደቡብ በኩል እያጣመምኩ እያጣመምኩ እስከ ታላቁ ወንዝ ድረስ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ወንዝ አወረድኩ። ወንዝ እንዴት እንደሚጣመም ከአገራችን ወንዝ ከሱሃ ተምሬያለሁና የኔ ወንዝ ከካርታው ወንዝ ይልቅ ወንዝ ይመስል ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል «ትንሹ ወንዝ» ብዬ ስም ጻፍኩለት። ከዚያ ለቢያድጌ ያልኩት አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ደቡቡን በደንብ አይተኸዋል ወይ አልኩት። ሄዶ አየ። ተመልሶ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ባትነግረኝ ጉድ ሆኜ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ምስጋናውን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ምስጋና ሲሰጠኝ እንቢ የማለት ልማድ የለኝም።

በዓሉ አልፎ በማግስቱ፣ ቁርስ እንደተነሣ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ወይራ ሥር ተቀመጥን። አባቴ በርጩማ ላይ፣ ሚስተር ሮይ እግሩን አጣጥፎ መሬት ላይ፣ እናቴ በራፉ ላይ ቆማ። እኔ ቀደምኩ፤ ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ፣ አንድ ከተማ ዘለልኩ፣ ግን ጨረስኩ። ቢያድጌ ተነሥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አወረደው፤ ሰሜኑን፣ ጋሪውን፣ መዝገቡን፣ በረዶውን። አባቴ እንግሊዝኛው ባይገባውም በዜማው ብቻ ፊቱ በርቶ ነበር። ደቡብ ሲደርስ ወንዜን አመጣት፤ ከየት ተነሥታ የት እንደምትገባ አንድ ሳይስት ተናገረ። ሚስተር ሮይ ግንባሩን ቋጠረና በሚሰባበረው አማርኛው «እዚያ ወንዝ የለም» አለ። አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም አለ።

ቢያድጌ አፉን ከፍቶ ወደ ጓሮ ክፍሏ ዞረ። በሩ ክፍት ነው፤ አምስት እርምጃ ሄዶ በጣቱ ቢያሳይ ይበቃው ነበር። ሆኖም ዓይኑ ሲመለስ እኔ ላይ አረፈ፤ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። ከመታጠብ ጋር ብዙም ስለማልስማማ ሰማያዊው ከሦስት ቀን በኋላም አመልካች ጣቴ ላይ ነበር። ጣቴን ጨበጥኩ። እሱ መሬት መሬት አየና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ተሳስቻለሁ።»

እንዲህ አድርጌ አሸነፍኩ።

ድንጋዮቹን ከአባቴ ጋር ስዞር የጥር ፀሐይ ደስ ይል ነበር፤ ቃርሚያው ያበራል፣ በምዕራብ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ግን አራተኛው ድንጋይ ላይ ስደርስ አንደኛውን ረስቼው ነበር። አባቴ አልተቆጣም፤ እንደገና ይነግረኛል፣ ግማሹን ስደግም ቆሎውን በሙሉ ይሰጠኛል። መንገዱን ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ቢያድጌ ነበር፤ እንዴት ያን የመሰለ ልጅ በመጨረሻ ሳተ እያለ። ቆሎው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ፤ በኋላ ግን ወረደ። አሥራ አንደኛው ድንጋይ መሬቱ ወደ ዓባይ ቆላ የሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ነበር፤ ከታች የሚመጣው ሙቅ ነፋስ ፊት ይመታል። አባቴ ከዚያ ወደ ማዶ መንደር ለሽምግልና ስለሚሄድ እኔን ወደ ቤት መለሰኝ። ከመለያየታችን በፊት ከጋቢው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈቶ በመሐረብ አድርጎ ሰጠኝ።

«ይችን ለቢያድጌ ስጥልኝ። ከርሞ ተራው የሱ ነው ብሎሃል በለው።»

እሺ ብዬ ተነሣሁ። እስከ ዘጠነኛው ድንጋይ ድረስ ታማኝ ነበርኩ። እዚያ ስደርስ መጠኑን ብቻ ልይ ብዬ ፈታሁት። የእሱ ሽምብራ ከኔ ሽምብራ ትልልቅ መስሎ ታየኝ። አንዷን ለማወዳደር በላኋት፤ ለውድድር አንድ ስለማይበቃ ሌላ ጨመርኩ። እንዲያ እያወዳደርኩ ከቤታችን አጥር ስደርስ መሐረቡ ባዶ ነበር፤ ሽምብራው ሲያልቅ መልእክቱም አብሮ ያለቀ መሰለኝ። ቢያድጌ በር ላይ ጠበቀኝ። ስለ ወንዙ አንድ ቃል አላነሣም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንጋዮቹ ስንት ናቸው አለኝ።

«ብዙ ናቸው» ብዬው ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ ሚስተር ሮይ ክፍሉ ጠርቶኝ ካርታውን እያሳየ ይህ ወንዝ ከየት መጣ አለኝ። ዝናብ ይሆናል አልኩት። ሳቁ መጣበት፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተወና ለረጅም ጊዜ አየኝ። ወንዙን ግን አላጠፋውም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካርታውን ጠቅልሎ፣ ወንዜን ከነስሟ ይዞ ወደ አገሩ ሄደ፤ አንድ የማርደን ሰው ወንዝ ፍለጋ ደቡቡን ሲዞር ውሎ ከሆነ ይቅር ይበለኝ። ሐምሌ ላይ ቢያድጌም እናቴ ናፈቀችኝ ብሎ ወደ ሞጣ ለመመለስ ፈቃድ ጠየቀ። አባቴ ከፍቶት ተራውን ሳይጠብቅ እንዴት ይሄዳል አለና ወደ እኔ ዞሮ ነግረኸዋል አይደል ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እናቴ አጎዛውን መልሳ አነጠፈችልኝ፤ ገበቴዋም ወደ እኔ ተመለሰች። አጎዛው ላይ ተገለባብጬ አደርኩ፤ ለካ ቁርበቱን ለምጄው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ድንጋዮቹን ዞርኩ፤ ስምንቱን ያዝኩ፣ ሦስቱ አምልጠውኛል። አባቴ ካረፈ በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ መሬት ለአራሹ ተባለና ርስት የሚባል ነገር ቀረ። ትውልድ የሚቆጥር ሰው ሥራ ፈታ። ድንጋዮቹ እርከን ተሠራባቸው፣ የቤት መሠረት ሆኑ፤ አንዱ ዛሬ የኔ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማዬን የምጠርግበት ነው፣ ስንተኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። የሰረቅሁት ነገር ሁሉ አሥር ዓመት እንኳ አልቆየልኝም። ቢያድጌ በሞጣ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ስንት ልጅ አሳደገ፤ እኔ እህል ስነግድ ኖርኩ፣ ደንበኞቼ የእሱን ተማሪዎች ሲያሞግሱ ሚዛኔ ትንሽ ይዛባ ነበር። በሠርግና በለቅሶ እንገናኛለን፤ እንሳሳማለን፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስለ ወንዝ አንሥተን አናውቅም።

ወደ ዛሬው ልመለስና፣ ትዕግስት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማርደንንም ከኮምፒውተሯ አጠፋችው። ከዚያ ግድ የለም፣ የሞጣውን በኩል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሳምረው ነግረውኛል ብላ አነበበችልኝ። ማን እንደሆነ ስሙ ሳይጠራ አወቅሁ። ቆላውን ከደጋው፣ ወንዞቹን ከነመነሻቸው፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደሰፈረ፣ ከእሱም በፊት ማን እንደነበረበት ሳይቀር፣ አንድ ሳይደናቀፍ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ ቁጭ ብዬ በደሜ ውስጥ ያ ኅዳር ሲፈላ ተሰማኝ። እኔን ያስጠራችኝም በዝናዬ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም መስሎኝ ነበር እንጂ። ጽሑፉ ግርጌ ላይ የእሱን ቃል ጽፋው ነበር።

«የቢቸናውን አለኸኝን ጠይቂው። አጎቴ ድንጋዮቹን በእግሩ ያዞረው እሱን ነው፤ እኔ ቁጥራቸውን እንኳ አላውቅም።»

ትዕግስት ቀና ብላ ስንት ናቸው አለችኝ። አሥራ አንድ ናቸው አልኳት። ጻፈችው። ስድሳ ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ድሮ አገር የሚቀመጠው በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነበርና ልጁን መምረጥ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኩን ዳሰስ አድርጎ የፈለገውን ካውንቲ ከሰማይ ላይ ያሳየኛል፣ ማርደንንም አሳይቶኛል፤ ሦስቱ መስመሮች እንዳሉ ናቸው፣ ወንዜ የለችም። ያን ጊዜ እንደ አባቴ «ከእሳቸው በፊትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ አሁን መልሱ ሁሉ እጃችን ላይ ሆኖ ጥያቄው ከእጃችን ወጥቷል። ወይም እኔ አርጅቼ ይሆናል።

ስመለስ ገበያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። እኔ የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው፣ ቢያድጌ ግን አንድም አልጎደለበትም ይላሉ፤ እዚህም ላይ በለጠኝ። ወደ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ በደጄ ነው የሚያልፈው፤ ዛሬ ሁለቱን አሳለፍኩ፣ ደጃፌ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ጥቅሉ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ እስከ አሁን አንዷን ብቻ ነው የበላሁት፣ ለማወዳደር። ያለብኝ ዕዳ አንድ እፍኝ ሽምብራ ነው፣ ከነመልእክቱ፤ ከርሞ ተራው የሱ ነው።